ጨው ይዤ ወደ አጋዘኖች ቤት

«ባሌ ልሄድ ነው» ስላቸው፣ ከሱቄ ጎን ሰዓት የሚጠግኑት ጋሽ ተሾመ የማጉያ መነጽራቸውን ከዓይናቸው ሳያነሱ፣ «አንቺ? ጫካ?» አሉኝ። «እንዲያው እኔን የሚያሳዝነኝ ጫካው ነው። ስንት ዘመን ጸጥ ብሎ የኖረ አገር!»

ደጃፋቸው ላይ የቆሙት ሁሉ ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። ምን ላድርግ፣ ወሬ እንደምወድ አራዳ ውስጥ ያልሰማ የለም። ከምኒልክ አደባባይ ወረድ ብላ ባለችው የክርና የልብስ ቁልፍ ሱቄ አንድ ዚፕ ሊገዛ የገባ ሰው፣ የአንድ ሠርግ ታሪክ ከዳር እስከ ዳር ሰምቶ ነው የሚወጣው። ትምህርቴን በልጅነቴ አቋርጫለሁ። ከዚያ ወዲህ ያስተማሩኝ ደንበኞቼና ከመንገድ ዳር የምገዛቸው አሮጌ መጻሕፍት ናቸው። እና ይሄን የምጽፈው የባሌን ተራሮች ላላያችሁና ምናልባትም ለማታዩ ለእናንተ፣ ሱቄ በርጩማ ላይ አስቀምጬ እንደማጫውታችሁ አድርጌ ነው።

የወንድሜ ልጅ ሩት የዱር እንስሳት ታጠናለች። ለሁለተኛ ዲግሪዋ ሐረና ጫካ ራስጌ ላይ ሪራ ወደሚባል መንደር ስትመላለስ ከረመች። በዚህኛው ጉዞ አብራት የምትሠራው ጓደኛዋ ታማ ቀረች። ወንድሜ «ብቻዋን አትሄድም» አለ። ሩት «እሄዳለሁ» አለች። የእኔ ሱቅ ደግሞ መንገዱ እየታደሰ ደጃፉ ተቆፍሮ፣ ለጊዜው ዝግ ነው። ሁለቱም ዞረው አዩኝ።

«ለምናርፍበት ቤት ምን ልያዝ?» ብዬ ጠየቅኋት።

«ስኳርና ሻይ ቅጠል ይበቃል፣ እትዬ።»

እኔ ግን አንድ ትልቅ ፌስታል ጨው ጨመርኩበት። ሰው ቤት ስሄድ እጄ ካልከበደ እግሬ አይራመድልኝም። ይሄ ጠባዬ ምን ጣጣ እንደሚያመጣ ያን ቀን የነገረኝ አልነበረም።

ማክሰኞ

ጎህ ሳይቀድ ከአምስት ኪሎ በታክሲ ወርደን አውቶቡስ ያዝን። ናዝሬት ላይ ሙቀቱ ሹራቤን አስወለቀኝ፤ አሰላ ላይ ብርዱ መልሶ አስለበሰኝ። የአርሲን ሜዳ ያላየ ሰው ገብስ አይቷል አይባልም። ወደ ግራ ገብስ፣ ወደ ቀኝ ገብስ፣ ከገብሱ መሐል አንድ ፈረስ። እኛ ሰፈር ከመስኮት ወደ ውጭ ስታዩ የጎረቤት ግድግዳ ነው የሚቀበላችሁ፤ እዚህ ዓይን ሄዶ ሄዶ ደክሞት ይመለሳል።

ምሳ ዶዶላ በላን። እዚያ ነው ሩት ሥራዋን ያስረዳችኝ። ከመንደሩ በላይ አንድ ሸለቆ አለ። ሰዎቹ ራሳቸው ተማክረው ከብት እንዳይገባበት ከዘጉት ቆይቷል። አሁን ግን ሣር ጠፋ፤ በሚቀጥለው ሰኞ ተሰብስበው ይከፈት ወይስ ይዘጋ የሚለውን ሊወስኑ ነው። ሩትን የሚጠይቋት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ በዚያ ሸለቆ ደጋ አጋዘን አለ ወይስ የለም?

«አለ?» አልኳት።

«ይመስለኛል። ግን እስከ ዛሬ አንድም ፎቶ የለኝም። ከሌለ ሸለቆው የእነሱ ነው፤ ላሞቻቸው ተርበዋል፣ እውነታቸውን ነው። ካለና እኔ ማሳየት ካቃተኝ ግን…» አለችና ሹካዋን አስቀመጠች። «ደጋ አጋዘን ይቺ አገር ካልሆነ በቀር የትም ዓለም የለም፣ እትዬ። ጥጃዋን የምትደብቅበት ጥሻ ካጣች ሌላ ቦታ አትሄድም። ታልቃለች።»

ከዚያ በኋላ እስከ ሮቤ ድረስ ብዙ አላወራሁም። ለእኔ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

ሮቤ ያደርንበት ሆቴል የሻወሩ ውኃ ሙቅ ነው ተብሎ ነበር፤ ስከፍተው ከበረዶ የተቀዳ ነው። ጮኬ ኖሮ፣ ባንኮኒው ጋ የምትሠራው ልጅ ሳልጠይቃት በባልዲ የፈላ ውኃ ይዛ መጣች። «የአዲስ አበባ ሰው ድምፁ ያስታውቃል» አለችኝ። ማኪያቶዋ ግን፣ እውነቱን ልናገር፣ ከፒያሳው አይደርስም። ወተቱ ይበልጣል፤ ቡናው ያንሳል።

ረቡዕ

ከጎባ ወደ ሪራ በአይሱዙ ጋቢና ወጣን። መንገዱ ሰነቴ የሚባለውን አምባ ያቋርጣል። እንጦጦን እንደ ተራራ የቆጠርኩበትን ዘመን ይቅር በሉኝ። እዚያ ላይ ዛፍ የለም፤ ጅብራ የሚባለው ቁመታም ተክል ብቻ በጉሙ ውስጥ እንደ ሰው ቆሟል። እንደ ለቅሶ ቤት፣ ሁሉም ጸጥ ብሎ።

ከአምባው መሐል ጎማ ፈነዳ። ነፋሱ ጆሮ ይቆርጣል። ሾፌሩና ረዳቱ ክሪክ ሲያስገቡ እኛ መኪናውን ከለላ አድርገን ቆምን። ሽንኩርት ይዛ ከጭነቱ ላይ የተሳፈረች ሴት ጋቢዋን ግማሹን እኔ ላይ ጣለች፤ ግማሹን እሷ ለበሰች። አማርኛ አታውቅም፤ እኔ ኦሮምኛዬ ከ«አካም» አያልፍም። አንድ ጋቢ ውስጥ ቆመን እንደ እህትማማች ተንቀጠቀጥን። ያኔ ነው ሩት ክንዴን የያዘችኝ። ቀይ ቀበሮ፣ እግሩ ቀጭን፣ ጅራቱ ጥቁር፣ መንገዱን ቀስ ብሎ ተሻገረ። ፍልፈል ሊያድን ነው የወጣው። እኛን እንደ ተበላሸ መኪና ብቻ አየንና አለፈ።

ከአምባው ሲወርዱ ጫካው ከእግር ሥር ይጀምራል። መጀመሪያ አስታ፣ ከዚያ ኮሶ፣ ከዚያ ከቅርንጫፉ ሽበት የሚንጠለጠልበት የማላውቀው ዛፍ ሁሉ። ሪራ ከዚያ ውስጥ ነው።

ያረፍንበት ቤት የኦቦ ከድርና የባለቤታቸው የአዴ ዘይነባ ነው። ኦቦ ከድር ሩትን ጫካ የሚመሯት ሰው ናቸው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ቃላቸው ጥቂት። የሩት የአባቷ እህት መሆኔን ሲሰሙ፣ «እንግዲያው አዳዳ ነዎት» አሉኝ። በእነሱ ቋንቋ የአባት እህት ማለት ነው። ከዚያ ሰዓት ጀምሮ የመንደሩ ሰው ሁሉ አዳዳ አለኝ።

አዴ ዘይነባ በትልቅ ጣሳ ወተት ይዘው መጡ። አረፋው ገና አልጠፋም። እኔ ደግሞ ረቡዕ ነው። ጣሳውን ይዤ ላቤ መጣ፤ ብመልሰው ነውር፣ ብጠጣው ጾም።

ሩት አፏን ከመክፈቷ በፊት አዴ ዘይነባ ፊቴን አይተው ሳቁ። «ጾም ነው እንዴ? እኛም እንጾማለን፤ ጾም ይገባናል» አሉና ጣሳውን ወስደው በማር የታሸ የገብስ ዱቄት አመጡልኝ። ያን ጊዜ እኔም ፌስታሌን ከፈትኩ። ስኳሩን አመሰገኑ፤ ሻይ ቅጠሉን አሸተቱ፤ ጨዉን ሲያዩ ግን ተነሥተው ጉንጬን ሳሙኝ።

ወዲያው እፍኝ ዘገኑና ወደ በረት ወጡ። እኔም ተከተልኩ። ላሞቹ ከስተው የጎድን አጥንታቸው ይታያል፤ አንዷ ገና ወልዳለች። ሽታው ሲደርሳቸው እየተጋፉ መጡ፤ የወለደችው ላም የአዴ ዘይነባን መዳፍ እስክትጨርስ ላሰች፤ ከዚያ የእኔን ባዶ መዳፍም ላሰች። ምላሷ እንደ ሞረድ ነው።

ሐሙስ

የሩት ሥራ እንዲህ ነው፦ ጫካው ውስጥ ቀጥ ያለ መስመር አለ፤ በዚያ ላይ በጣም በዝግታ ይኬዳል። የታየ እንስሳ፣ ኮቴ፣ በጠጥ፣ የተላጠ ቅርፊት፣ ሁሉም ይመዘገባል። ለዓይን የማይገኙትን ደግሞ ዛፍ ላይ የታሰረ ትንሽ ካሜራ ይጠብቃቸዋል፤ ትኩስ ገላ በፊቱ ሲያልፍ ራሱን በራሱ ያነሣል።

«አንድ ደንብ ብቻ ነው ያለው፣ እትዬ» አለችኝ ስንወጣ። «መናገር የለም።»

«እስከ የት?»

«እስክንመለስ።»

ኦቦ ከድር ወደ ሌላ በኩል ዞረው ሳሉ። ሳል እንዳልነበረ ግን ገባኝ።

እግዜር ያውቃል ሞከርኩ። ከፊት ሩት፣ መሐል ኦቦ ከድር፣ ከኋላ እኔ። ምድሩ እንደ ፍራሽ ይሰምጣል። ድኩላ አየን፤ ዝም አልኩ። የጫካ አሳማ ቆፍሮት የሄደውን ቦታ አየን፤ ዝም አልኩ። በኋላ ግን ቀና ስል፣ አንድ ዝግባ ላይ የጉሬዛ ቤተሰብ ተሰብስቧል። ጥቁር ካባ ከነ ነጭ ዘርፉ ለብሰው፣ በሥላሴ ደጀ ሰላም ለበዓል የተሰበሰቡ አለቆች ይመስላሉ። ከእናቱ ጉያ ደግሞ ገና ነጭ በነጭ የሆነ ግልገል ብቅ አለ።

«እሰይ! እሰይ የኔ ቆንጆ!» ብዬ አረፍኩት።

ዛፉ ተናወጠ። አለቆቹ በአንድ ዝላይ ሌላ አገር ገቡ። ሩት ዓይኗን ጨፍና ቆመች። ጉሬዛዎቹን መቁጠር ጀምራ ነበር፤ አልጨረሰችም።

ኦቦ ከድር እርጋታቸው ሳይጓደል፣ «አዳዳ፣ ሰላምታዎን ሰምተዋል» አሉኝ። «መልሱን ነገ ያደርሳሉ።»

ከሰዓት በኋላ ወደዚያ ሸለቆ ወረድን። ጠባብ ነው፣ አሜጃውና አስታው ተደራርቦበታል፣ ከሥር ቀጭን ውኃ ይሰማል። ካሜራው ከአንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ትይዩ ታስሯል። እዚያው ቁጭ ብለን አዴ ዘይነባ የቀቀሉልንን ድንች በጨው በላን። ጨዉ በወረቀት ተጠቅልሎ ተሰጥቶኝ ስለነበር ብዙ ተረፈ። ሩትና ኦቦ ከድር የላይኛውን ካሜራ ባትሪ ሊቀይሩ ዳገቱን ወጡ። እኔ ጉልበቴን አሳርፌ ቀረሁ።

ብቻዬን ስቀር ዙሪያዬን አየሁ። እንግዲህ ይሄ ቤታቸው ነው። ገብተናል፣ ተቀምጠናል፣ በልተናል፤ ምንም አላመጣንላቸውም። እኛ ሰፈር የማያውቁት ሰው ቤት ሲገቡ እንኳ አንድ ደርዘን ብርቱካን ይያዛል። የትናንትናዋ ላም ትዝ አለችኝ። የወረቀቱን ጨው ድንጋዩ ላይ አፍስሼ በመዳፌ አሰራጨሁት፤ «በሉ እንግዲህ፣ የእጄን እንዳትንቁ» አልኩ። ሰዎቹ ሲመለሱ ስለ ጉልበቴ አወራን እንጂ ስለ ጨው ያነሣ አልነበረም። የሚነሣ ነገርም አልመሰለኝም።

ዓርብ

ጉሙ ከደጃፍ አልፎ ቤት ገባ። ኦቦ ከድር መስጊድ ዋሉ፤ ሩት በጠጥ ስትለይ ዋለች። እኔ ከአዴ ዘይነባ ጋር ገብስ ስለቅም ዋልኩ። በዓርብ ቀን «እርስዎ» ቀርቶ «አንቺ» ሆነናል።

«ሩትን እወዳታለሁ» አለችኝ። «እንደ ልጄ ናት። ግን ያ ሸለቆ ቢከፈት እኔም እወዳለሁ። የወለደችውን ላም አይተሻታል። ወተቷ ለጥጃዋ አልበቃ ብሎ ነው ያለው።»

«ኦቦ ከድርስ?»

«እሱ?» አለችና ገለባውን እፍ አለችው። «ቀን ከልጅቱ ጋር አጋዘን ይፈልጋል። ማታ ከእኔ ጋር ሣር ይፈልጋል። በመሐል ቤት ከሳ።»

ሳቅን። ከዚያ ግን ረቡዕ ዕለት ያን ሁሉ ወተት ለእኔ ያመጣችበት ጣሳ ትዝ ብሎኝ፣ አንገቴን ደፍቼ ገብሱን ለቀምኩ። እኛ ቤት ወተት ከሱቅ ነው የሚገዛው፤ ከማን ጥጃ አፍ እንደወጣ አይነግሯችሁም።

ቅዳሜ

አፌ ውስጥ ከረሜላ አድርጌ ወጣሁ። ሲያልቅ ሌላ፣ እሱ ሲያልቅ ሌላ። አንድ ቃል አልተነፈስኩም። ጉሬዛዎቹ ዛፋቸው ላይ ነበሩ፤ ሩት ቆጥራ ጨረሰች። ቀርከሃው ውስጥ ደግሞ ሩት ከዚህ ተራራ ውጭ ብዙም አይገኝም የምትለውን ጦጣ አየን፤ ለጋ ቀርከሃ እየላጠ እንደ ሸንኮራ ሲበላ። ጥርሴን አመመኝ እንጂ ቀኑ ያማረ ነበር። ጋሽ ተሾመ ቢያዩኝ ሰዓታቸው ሁሉ በአንዴ ይቆም ነበር።

እሑድ

ከስብሰባው በፊት ያለችን የመጨረሻ ቀን ናት። ጠዋት ወደ ምሥራቅ ዞሬ ጸሎቴን አደረስኩና ወደ ሸለቆው ወረድን። ሩት ከካሜራው ያወጣችውን ካርድ ይዛ በመጣችው ትንሽ ኮምፒውተር ውስጥ ከተተች። እኔና ኦቦ ከድር በትከሻዋ በኩል አጎንብሰን እናያለን።

መጀመሪያ ራሳችን ነን፣ ድንች ስንበላ። ቀጥሎ እኔ ብቻዬን፣ አፌ ተከፍቶ። («እዚህ ማንን ነው የምታናግሪው?» አለች ሩት፤ ሳትጠብቅ ቀጠለች።) ከዚያ ባዶ ቅጠል። ከዚያ አንድ ወፍ። ከዚያ፣ በንጋት ብርሃን፣ አጋዘን።

ሴት ናት፤ ቀንድ የላትም። ቡናማ፣ አንገቷ ሥር ነጭ፣ ጎኗ ላይ ነጭ ነጠብጣብ ያላት። አንገቷን ደፍታለች። ከጎኗ ጆሮው ከፊቱ የሚበልጥ ጥጃ ቆሟል።

ሩት አልጮኸችም። እጇን አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች። «አለች» አለች። «አለች፣ ኦቦ ከድር! ከነጥጃዋ!»

ኦቦ ከድር «ገደምሳ» ብለው በቋንቋቸው ስሟን ብቻ ጠሩ። ፊታቸው ምን እንደሚል ማንበብ አልቻልኩም።

እኔማ ደስታው አሰከረኝ። «ጨዉን ወደደችው እንዴ? ተመልከቱ፣ እየላሰች እኮ ነው!» አልኩ።

ሩት ጣቷን ከኮምፒውተሩ ላይ አነሣች።

«የቱን ጨው?» አለች ሩት።

ነገርኳት። ስነግራት ቃሎቼ እያነሱ፣ እያነሱ ሄዱ። እሷ ከስክሪኑ ዓይኗን ሳትነቅል፣ ሳትቆጣ፣ ብትቆጣ ይሻለኝ በነበረ ድምፅ አስረዳችኝ። ካሜራው የሚጠይቀው እንስሳው በራሱ ፈቃድ እዚህ ይውላል ወይ ነው። ጨው ከተቀመጠለት ከሩቅም ቢሆን ይመጣል፤ ስለዚህ ሸለቆው ቤቷ ይሁን፣ ለጨው ብቻ የመጣች እንግዳ ትሁን አይታወቅም። ፎቶው አይቆጠርም።

ስንመለስ ኦቦ ከድር ራቅ ብለው ከፊት ሄዱ። እኔ ሩትን ክንዷን ያዝኳት። «የኔ ልጅ፣ ይሄን የምናውቀው እኛ ብቻ ነን። እሳቸውም ቢሆኑ ሰው ፊት የሚያሳፍሩሽ አይመስለኝም። አጋዘኗ ውሸት አይደለችም፣ መጥታለች። ፎቶውን አሳይያቸው፣ ጨዉን ተዪው።»

ቆማ አየችኝ። «እትዬ፣ አንቺ ታሪክ ስታወሪ ትንሽ ትጨምሪበታለሽ፤ ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አይጎዳም። እኔ የጨመርኩ ቀን ግን ሥራዬ አለቀ። ነገ ሌላ ነገር ስናገር በምን ያምኑኛል?»

ክንዷን ለቅቄ ከኋላዋ ተከተልኩ። 

ሰኞ

ስብሰባው ከአንድ ትልቅ ኮሶ ሥር ነበር። ሽማግሌዎቹ ድንጋይ ላይ፣ ሌላው ሣር ላይ ተቀመጠ። ሩት በኦሮምኛ ነው የተናገረችው፤ አዴ ዘይነባ አጠገቤ ሆና በጆሮዬ ትተረጉምልኛለች። ልጅቱ ስልኳን ከእጅ ወደ እጅ አሳለፈችና ፎቶውን ሁሉም አየ። ጉርምርምታ ተነሣ፤ አንዳንዱ ፈገግ አለ። ያኔ ሩት፣ «ይቺን ፎቶ ግን እንድትቆጥሩልኝ አልጠይቅም» አለች። ጨዉንም፣ አክስቷንም፣ ድንጋዩንም ነገረቻቸው። ዓይን ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ነጠላዬን ወደ ፊቴ ሳብኩ።

«እንግዲያው የለም ማለት ነው!» አለ ከኋላ አንድ ጎልማሳ። «ይከፈትና ይብቃን።»

«አለ ለማለት አልችልም። የለም ለማለትም አልችልም» አለች ሩት።  «ጊዜ ስጡኝ።»

ብዙ ሰው በአንድ ላይ መናገር ጀመረ። ላሞች እየተባለ፣ ጥጆች እየተባለ። ኦቦ ከድር እስኪበርድ ጠበቁና ብድግ አሉ። የአዴ ዘይነባ ትርጉም ቆመ፤ ባሏን ብቻ ታያለች። ከዚያ ቀስ ብላ ጀመረች።

«‹ይቺ ልጅ ዛሬ ዝም ብላ ቢሆን ኖሮ፣ እኔ ተነሥቼ እናገር ነበር› ይላል። ‹ትናንት መንገዱን ሁሉ እሱን ሳስብ ነው የሄድኩት። ላሜ ተርባለች፤ ዝም ብትል ለእኔ ይቀለኝ ነበር፤ ውሸታም ናት ብዬ ሸለቆውን አስከፍት ነበር። አልቀለለልኝም። በራሷ ላይ ከመሰከረች፣ የቀረውን ቃሏን አምናለሁ› ይላል።» የቀረውንም ተረጎመችልኝ። «‹ጨዉ ይታጠብ። ካሜራው እዚያው ይቆይ። ክረምት እስኪገባ አጋዘኗ ካልመጣች ሸለቆው ይከፈት፣ ልጅቱም ትፈርማለች። እስከዚያ የእኔን ላሞች ታች ወንድሜ ጋ አወርዳለሁ።›»

«ታች ሩቅ ነው?» ብዬ አዴ ዘይነባን ጠየቅኋት።

«ወተቱ ቤት የማይደርስበት ያህል» አለችኝ።

ሽማግሌዎቹ ተያዩ፤ ተስማሙ። ያ ጎልማሳም ትከሻውን ነቅንቆ፣ «እሺ፣ አዳዳ ግን እዚያ ጫካ እንዳትገባ» አለ። ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ተገቢዬ ነው።

ከምሳ በኋላ ጄሪካን ውኃ ተሸክሜ ከኦቦ ከድር ጋር ሸለቆው ገባሁ። ድንጋዩን አፈሰስኩበት፣ በሣር ፈተግኩት፣ እንደገና አፈሰስኩበት። እሳቸው ጨው የገባውን አፈር እየቆፈሩ በጆንያ ሞሉ። ስንጨርስ ጎንበስ ብለው ድንጋዩን በጣታቸው ነኩና ቀመሱት።

«ጠዳ» አሉ። ጆንያውን ትከሻቸው ላይ አደረጉ። «ይሄን አፈር ላሞቹ ይልሱታል። ስጦታዎ አልባከነም፣ አዳዳ።»

ባዶውን ጄሪካን አንሥቼ ተከተልኳቸው። 

ማክሰኞ፣ መመለሻ

የሩት ጓደኛ ድና መጣችና እኔ ብቻዬን ተመለስኩ። አዴ ዘይነባ በፕላስቲክ ዕቃ ማር አሲዛ ላከችኝ። ክዳኑ የላላ ነበር፤ አሰላ ሳንደርስ ማሩ ከጎኔ በተቀመጡት መምህር ሱሪ ላይ ወረደ። ይቅርታ ብዬ ሳልጨርስ፣ ሰውየው በጣታቸው ጠረግ አድርገው ቀመሱና፣ «የሐረና ነው?» አሉ። ከዚያ በኋላ ከፊት የተቀመጠችውም፣ ከኋላ ያለውም ዳቦውን አውጥቶ ወደ እኛ ዞረ። ፒያሳ የገባው ማር ከግማሽ አይበልጥም። የደረሰው ግን በሰው ሁሉ ምርቃት ነው።

በማግስቱ፣ የደጃፌ ጉድጓድ ተደፍኖ አግኝቼ፣ የሱቄን መዝጊያ ገፋ ሳደርግ ጋሽ ተሾመ ብቅ አሉ። ደጃፋቸው ላይ የተለመዱት ሰዎች ቆመዋል። በርጩማ ሳቡልኝ።

«እስቲ ተቀመጪ። አየሻት የባሌን አጋዘን?»

ሁሉም ጠበቀ። እናንተንም አውቃችኋለሁ፤ የምትጠብቁት ታሪክ ነበር። ጉሙን፣ ቀንዱን፣ ዓይን ለዓይን መተያየታችንን። ሁሉም አፌ ላይ ነበር፤ ምላሴ ለምዶታል።

«አላየኋትም» አልኩ። «ፎቶ አለኝ፤ ግን ጨው ያለበት ነው።» እና ለእናንተ አሁን እንደጻፍኩት፣ አንዲት ሳልጨምር ነገርኳቸው።

ጋሽ ተሾመ መነጽራቸውን ከዓይናቸው አነሡ። «ብርዱ ጎድቷታል» አሉ ለሌሎቹ።

ሳምንታት አለፉ። ሩት ስትደውል ስለ ሌላ ሌላው እናወራለን፤ ያንን አልጠይቃትም፣ አትነግረኝም። ኦቦ ከድር ላሞቻቸውን እንዳወረዱ ግን ነገረችኝ። አንድ ቀን፣ ክረምት ሳይገባ የጣለ ዝናብ ፒያሳን አጥለቅልቆ ደንበኛ በጠፋበት ከሰዓት፣ ስልኬ ጮኸ። ፎቶ ነው።

ርጥብ ሣር። ያ ድንጋይ፣ ባዶ፣ ዝናብ ያጠበው። ከፎቶው ዳር ደግሞ ከወገቧ ወዲያ የሚታይ አንድ እንስሳ፤ ድንጋዩን ዞራ እንኳ ሳታየው፣ ወደ ጥሻው ስትገባ። ጎኗ ላይ ነጭ ነጠብጣብ አለ። ሥሩ ሩት የጻፈችው አንድ ቃል ብቻ ነበር።

ስልኩን ለጋሽ ተሾመ አቀበልኳቸው። ማጉያቸውን አድርገው አዩ፣ አገላብጠው አዩ።

«ይቺ ምኗ ይታያል? ፊቷ የለ፣ ጥጃዋ የለ። ግማሽ ከብት!»

«ትቆጠራለች» ብዬ የሩትን ቃል አነበብኩላቸው። ሌላ ምንም አልጨመርኩም።